የበር እናት

በ2074 ዓ.ም. መስከረም፣ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ስንዱ ወልደየስ እንደ ወትሮዋ ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ሕፃናት የሚማሩት ፀሐይ ሳትበረታ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ይገባሉ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ከተማው መስኮቱን ዘግቶ እስከ አሥር ሰዓት ይተኛል።

ሕፃናቱ በየወላጆቻቸው እጅ ተይዘው፣ ከመንገዱ በላይ በተዘረጋው የጥላ ሸራ ሥር ተሰልፈዋል። ተራው የደረሰ ልጅ መዳፉን በሩ ላይ ያለው መስታወት ላይ ይለጥፋል። አንዳንዱ ጣቱን ልሶ ይለጥፋል፤ አንዳንዱ ቁርሱን እዚያው ጠርጎበት ይሄዳል። ክትባቱን የወሰደ ልጅ ሲሆን በሩ ይከፈታል። ያልወሰደ ሲሆን ደግሞ ምንም አይሆንም። ቀይ መብራት የለም፣ ጩኸት የለም። ዝም ነው።

በሩ ማስገባት ብቻ ነው የሚያውቀው። ደንቡ ማሽን ሕፃን እንዳይመልስ ይከለክላል፤ መመለስ የሰው ሥራ ነው። ስለዚህ በየሕፃናት ማቆያው በር ላይ አንድ ሰው ተቀጥሯል፤ የሥራ መደቡም «የበር እናት» ይባላል። ስንዱ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ልጆች መልሳለች። መጀመሪያ ቁጢጥ ብላ ልጁን ታናግራለች፦ «የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ አንገባም።» ከዚያ ቀና ብላ ወላጁን፦ «ጤና ጣቢያው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። በነጻ ነው። አስወጉትና በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።» አብዛኞቹ በአሥራ አምስተኛው ቀን ይመለሳሉ። ጥቂቶቹ ይሰድቧታል። አንዱ ተፍቶባት ያውቃል።

የሄፓታይተስ ኤ ክትባት ያልወሰደ ልጅ ማቆያም ሆነ ትምህርት ቤት እንዳይገባ ከተደነገገ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሰዉ አሁንም የሚጠራው በድሮ ስሙ ነው፤ የወፍ በሽታ። ከተማው አንዱን ውሃ አጥርቶ ሦስት ጊዜ ይጠጣዋል። ቱቦው ደህና እስከሆነ ድረስ ውሃው ደህና ነው፤ ቱቦው ግን ሁልጊዜ ደህና አይደለም።

የዚያን ሰኞ ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ መዳፏን ለጠፈች። በሩ ዝም አለ። ልጅቷ እጇን አንስታ አየችውና በቀሚሷ ጠርጋ እንደገና ለጠፈች። ዝም። ከኋላዋ የቆሙት ሽማግሌ ሽርጣቸውን አስተካክለው ወደ መሬት አዩ። ስንዱ አወቀቻቸው፤ ድሬዳዋ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። አው ኢብሮ ናቸው፤ ቀፊራ ገበያ ጥግ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ ቅጠል ቀጥቅጠው ለወፍ በሽታ የሰጡ መድኃኒተኛ።

«የልጅ ልጅህ ናት?» አለች ስንዱ። በዚህ ከተማ ለትልቁም ለትንሹም አንተ ነው።

«ኢፍቱ ትባላለች» አሉ አው ኢብሮ። ጥያቄዋን አልመለሱም።

ስንዱ ቁጢጥ አለች፣ የምትለውን አለች፣ ቀና አለች፣ የምትለውን አለች። አው ኢብሮ «እሺ» ብለው ልጅቷን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ጤና ጣቢያ አልሄዱም። ልጅቷም መዳፏን መስታወቱ ላይ አልለጠፈችም፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠች። ውስጥ መምህሯ ፊደል ስታስቆጥር ኢፍቱ ከውጭ ትከተላለች። በእንጨት አሸዋው ላይ ሀ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ ትጽፋለች። አው ኢብሮ ትንሽ ራቅ ብለው ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። አራት ሰዓት ሲሆን ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተነስታ ልክ እንደተማረ ሰው ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሮብም እንዲሁ ሆነ። ሐሙስም።

ስንዱ መጀመሪያ ተናደደች። ሰውየው ምን እንዳሰቡ የገባት መሰላት፦ አርባ ዓመት በቅጠላቸው የኖሩ ሰው የገዛ ልጃቸውን በመርፌ ቢያስወጉ ገበያው ምን ይላል? ስለ ክብራቸው ብለው ነው ብላ ደመደመች። ያልተከተበ ልጅ በሩ ላይ ከተመላለሰ የበር እናት በሦስት ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባት፤ ደንቡ ይህንንም ይላል። ስንዱ «ነገ ይወስዷታል፣ ነገ ይወስዷታል» ስትል ሦስቱ ቀን አለፈ፤ ሳምንቱም አለፈ።

በመስከረም መጨረሻ ወሬ መጣ። በነሐሴው ጎርፍ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ አንድ ዋና ቱቦ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ አሁን በዚያ ሰፈር የሦስት ጎልማሶች ዓይን ቢጫ ሆነ። አንዱ ሆስፒታል ተኛ። ርእሰ መምህርቷ ትርሲት ስንዱን ቢሮዋ ጠራቻት። ትርሲት ቀጭን፣ ንግግሯ አጭር፣ መመሪያ በቃሏ የምትይዝ ሴት ናት።

«ከአጥሩ ሥር ያለችውን ልጅ አንሺያት» አለች። «ልጆቹ በቀዳዳ ማንጎ ይሰጧታል። እኔው ራሴ አይቻለሁ። መመሪያው ሃምሳ ሜትር ይላል።»

«ሃምሳ ሜትር ላይ ጥላ የለም።»

«አውቃለሁ።»

ስንዱ ልጅቷን እጇን ይዛ ወሰደቻት። ሃምሳ ሜትሩ የሚያልቀው የጥላ ሸራው ካለቀ በኋላ፣ ከአንድ የቆመ ባጃጅ አጠገብ ነበር። ኢፍቱ አሸዋው ላይ ተቀመጠች፣ እንጨቷን አወጣች፣ ጆሮዋን ወደ ማቆያው አዘነበለች። ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ቀና ብላ «እዚህ አይሰማም» አለች።

አላለቀሰችም። ይልቅ እንዲስተካከልላት እንደሚጠብቅ ሰው ስንዱን አየቻት። ስንዱ ወደ በሩ ተመለሰች፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስም ወደዚያ አቅጣጫ ዞር አላለችም።

የዚያኑ ቀን አሥር ሰዓት ላይ፣ ከተማው ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ የአው ኢብሮን ቤት ጠይቃ ሄደች። ሁለት ክፍል ናት፤ ንጹሕ። ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ውሃ ይፈላል። ኢፍቱ ጓሮ ከዶሮ ጋር ትነጋገራለች። አው ኢብሮ በብርጭቆ ውሃ ሰጧት።

«ሦስተኛ ዙር ነው፤ ግን አፍልቼዋለሁ» አሉ። «ለሷ ያልፈላ ሰጥቼ አላውቅም።»

ስንዱ ሳትቀመጥ ጀመረች። «አው ኢብሮ፣ መርፌውን ከወሰደች መድኃኒትህ ውሸት ነው ይላሉ ብለህ ከሆነ…»

ሽማግሌው ሳቁ። «አቦ ስንዱ! መድኃኒቴ ውሸት መሆኑን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ልጆቹ ራሳቸው ነው የሚድኑት። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ በቃ። እኔ ያከምኩት እናቶቹን ነው፤ እንቅልፍ እንዲወስዳቸው። ትልቅ ሰው ቢጫ ሆኖ ሲመጣ አንድ ቅጠል አልሰጠሁም። ሆስፒታል ሂድ ብዬ ነው የመለስኩት። ወላሂ፣ ቅጠል ይዤ ሰው አልገደልኩም።»

ስንዱ ተቀመጠች። «ታዲያ ለምን?»

አው ኢብሮ ወደ ጓሮው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የሰባውን ጎርፍ ታስታውሻለሽ?»

የማያስታውሰው የለም። ከአራት ዓመት በፊት፣ ደቻቱ በደረቅ ቀን ከላይ በመጣ ውሃ ሞልቶ መሐል አሸዋው ላይ የነበረን ሁሉ ጠርጎ ወስዷል።

«አንድ አውቶቡስ መሐሉ ላይ ተይዞ ነበር» አሉ። «ውሃው እስከ መስኮቱ ደርሷል። በገመድ ገባን፤ እኔና ሌሎች ሰዎች። አንዲት ሴት በመስኮት ሕፃን አውጥታ ሰጠችኝ። ‹ያዝልኝ› አለችኝ። ይህን ብቻ ነው ያለችው። ስሟን አልነገረችኝም፣ የልጅቷንም ስም አልነገረችኝም። ሕፃኗን ደረቅ ላይ አስቀምጬ ስዞር አውቶቡሱ የለም።»

ውሃው ምድጃው ላይ ይንተከተካል።

«ሐረር ሄድኩ፣ ጅጅጋ ሄድኩ፣ የሕፃኗን ፎቶ ይዤ ያላንኳኳሁት ቤት የለም። ከዚያ ላስመዘግባት መዝገብ ቤት ሄድኩ። ከፊቴ አንዲት ሴት የሟች እህቷን ልጅ ያለ ወረቀት ይዛ ተሰልፋለች። መዝገቡን የሚይዘው ማሽን ‹ወላጅ የሌለው› አለ። እዚያው ልጁን ከእጇ ወሰዱት፤ በማግስቱ ሌላ ከተማ ነበር። መዝገቡ ቤተሰብ መረጠለት፤ ጥሩ ቤተሰብ ነው አሏት። የት እንደሆነ ግን አልነገሯትም። እኔ ልጁ ሲወሰድ እንዳየሁ ከሰልፉ ወጥቼ ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።» እጃቸውን ዘረጉ። «ያዝልኝ ነው ያለችኝ፤ አሳልፈህ ስጥልኝ አላለችኝም። ጤና ጣቢያ ብወስዳት መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የመዝገብ ቁጥሯን ነው።»

ስንዱ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ነገር መናገር ጀመረች፤ ለምን እዚያ ቤት እንደጀመረች እሷም አታውቅም።

«ባሌ አሰግድ የታሸገ ውሃ እየጠጣ ያደገ ሰው ነበር። አንድም ቀን ሆዱን አሞት አያውቅም ብላ እናቱ ትኮራ ነበር። ልጃችን ምዕራፍ አራት ዓመቷ ነበር፤ ማቆያ ትውላለች። እሷ ምንም አልሆነችም። አንድ ቀን እንኳ አላተኮሳትም። እሱ ግን አንድ ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ቢጫ ነው። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ቀበርነው።» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ሐኪሙ ‹ከልጅቷ ነው የያዘው፤ ትንንሾቹ ሳያሳዩ ያስተላልፋሉ› አለኝ። ያኔ ደንቡ አልነበረም። ይኸው ሃያ አራት ዓመት።»

«ምዕራፍ ታውቃለች?»

«አታውቅም። አባቴን ገደልኩት ብላ እንድትኖር ነው?»

«የአራት ዓመት ልጅ ምን ጥፋት አላት?» አሉ አው ኢብሮ በቀስታ። «አንቺስ ምን ጥፋት አለሽ?»

ስንዱ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ ኢፍቱን ላስገባት አልችልም፤ የሌላ ልጅ አባት አለ። ውጭ ልተዋትም አልችልም። መፍትሔ አለኝ ብዬ አልመጣሁም፣ አው ኢብሮ። ግን መርፌውን ነገ እናስወጋት። የቀረውን እንፈልገዋለን።»

«ቁጥር ቢጠይቁኝስ?»

«እኔ አለሁ።»

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ኡባህ ክብ ፊት፣ ፈጣን እጅ ያላት ሴት ናት። ስንዱ በሹክሹክታ ነገሩን አስረዳቻት። ኡባህ አድምጣ ስትጨርስ የኢፍቱን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች።

«እኔ የምወጋው ክንድ ነው፤ መዝገብ አልወጋም» አለች። ኢፍቱ አንዴ «ውይ» ብላ መርፌውን «ጨርሰሃል?» አለችው። ኡባህ ከመሳቢያዋ ሥር አቧራ የያዘ የወረቀት ካርድ ፈልጋ ቀኑን ጻፈችበት፤ ሁለተኛው ከስድስት ወር በኋላ እንደሆነም ጻፈች። «በሩ ወረቀት አያነብም» አለች ለስንዱ። «ሰው ግን ያነባል።»

የቀረውን ስንዱ ያገኘችው ቅዳሜ ነው። በዘበኛ ቤቷ ግድግዳ ላይ ደንቡ በሙሉ ጥራዝ ሆኖ ተሰቅሏል፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሦስተኛው ገጽ አልፋ አታውቅም ነበር። ጠዋት ጀምራ እስከ ቀትር አነበበች። አንቀጽ ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርስ ደግማ አነበበችው። ክትባት የወሰደና መረጃ የሌለው ሕፃን ማን እንደሚያሳድገው የሚያውቁ ሦስት ነዋሪዎች በአካል ቀርበው ከመሰከሩ ሊመዘገብ ይችላል ይላል። ማንም አልሻረውም። በሩ ሁሉን ያውቃል ተብሎ የሚጠቀምበት ጠፍቶ ነው እንጂ።

ሦስት ሰው። ስንዱ ራሷን ቆጠረች። ይህም ማለት መዝገብ ሹም ፊት ቆማ ልጅቷን ወር ሙሉ እያየች አለማሳወቋን በገዛ አፏ መናገር ነው፤ ለዚህ ከሥራ ማባረር ይቻላል። ኡባህ «አለሁ» አለች። ሦስተኛው ጠፋ። የአው ኢብሮ ጎረቤቶች ኢፍቱን አዝለው ያሳደጉ፣ ቤታቸው ገብታ የምትበላባቸው ናቸው፤ ነገር ግን ስማቸውን መዝገብ ፊት ለማቆም ፈሩ። «ምስክርነቱ ውድቅ ከሆነ የውሃ ቁጥራችንን ይዘጉታል» አሉ። አንዷ እያለቀሰች እምቢ አለች። ስንዱ አልፈረደችባቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ምስክር ይዘው መዝገብ ቤት ሄዱ። አው ኢብሮ አዲስ ሽርጥ አሸርጠዋል። ለኢፍቱ የት እንደሚሄዱ አልነገሯትም፤ ግን ትንሽ ሻንጣ ይዘውላት ነበር፤ ውስጡ ልብሷ አለ። ስንዱ ሻንጣውን አየችው። ቢወስዷት ራቁቷን እንዳትሄድ ማዘጋጀታቸው ነው።

ሹሙ ያፌት የሚባል ወጣት ነው። አንቀጹን ሦስት ጊዜ አነበበ። «ይህን አይቼው አላውቅም» አለ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ግራ የገባው ሰው ነው። «ሦስት ይላል። እናንተ ሁለት ናችሁ።»

«ሦስተኛው እየመጣ ነው» አለች ስንዱ። ዋሸች።

«እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ራሱ ይወስናል።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አራት ተኩል ሆነ። ውጭ መንገዱ ባዶ ነው፤ በዚህ ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚሄድ እብድ ብቻ ነው። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተከፈተና ትርሲት ገባች፤ ፊቷ በላብ ታጥቧል፣ ጃንጥላዋን በብብቷ ይዛለች። ስንዱ ልታስቆማቸው የመጣች መስሏት ተነሳች።

«እኛ ጋ የምታስተምረው የኡባህ እህት ነገረችኝ» አለች ትርሲት ለስንዱ። «አንቺ ልትነግሪኝ ይገባ ነበር።» ከዚያ ወደ ሹሙ ዞረች። «ትርሲት እባላለሁ፤ የማቆያው ርእሰ መምህርት ነኝ። ይህችን ልጅ ወር ሙሉ ከመስኮቴ አይቻታለሁ። ይህ ሰው በየቀኑ ይዟት ይመጣል፣ በየቀኑ ይጠብቃታል፣ በየቀኑ ይዟት ይሄዳል። ከውስጥ ካሉት ልጆቼ ግማሾቹ ሀን ከሐ አይለዩም፤ እሷ ከአጥር ውጭ ሆና ለይታለች። ከአጥሩ እንድትነሳ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ትእዛዙ ትክክል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን መስኮቴን ከፍቼ አላውቅም።»

ሹሙ መጻፍ ጀመረ። ስንዱ የራሷን ቃል ሰጠች፤ ወር ሙሉ አለማሳወቋንም ሳትደብቅ ተናገረች። ኡባህ የወረቀት ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በመጨረሻ ሹሙ ወደ አው ኢብሮ ዞረ።

«ላንተ ምንህ ናት? አባት፣ አያት፣ አጎት፣ ሞግዚት የሚል ምርጫ አለ።»

«ያዝልኝ ተብዬ የያዝኳት ናት።»

«እሱ ምርጫው ውስጥ የለም።»

«የለም» አሉ አው ኢብሮ። «ቢሆንም እሱ ነው።»

ያፌት ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቷ በሕይወት ብትገኝስ?»

አው ኢብሮ ያልጠበቁት ጥያቄ አልነበረም፤ መልሱ ግን ድምፃቸውን ሰበረው። «ታዲያ እኔ አራት ዓመት ማንን ስፈልግ የኖርኩ ይመስልሃል? ትምጣ እንጂ! ‹ይኸው፣ ይዤልሻለሁ› እላታለሁ።»

ኢፍቱ ከወንበሩ ወርዳ እግራቸውን ያዘች። «ኢብሮዬ፣ ውሃ ልስጥህ?» አለች።

ያፌት አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። የእናቷ ፍለጋ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ጻፈ፤ የልጅቷን ፊት በጎርፉ ከጠፉ ሰዎች ዝርዝር ጋር መዝገቡ በየወሩ እንዲያመሳክር አዘዘ። ከምርጫዎቹ አንዱንም አልነካም። ባዶው ቦታ ላይ በእጁ «አደራ ተቀባይ» ብሎ ጻፈና መዝገቡ ይቀበለው እንደሆነ ለማየት ጠበቀ። መዝገቡ ትንሽ ዘግይቶ ተቀበለው። አው ኢብሮ ሻንጣዋን ከአግዳሚው ሥር አንስተው ደረታቸው ላይ አቀፉት፤ ወደ ቤት የሚመለስ ሻንጣ ነው።

ስንዱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ሥራዋን አላጣችም። የኢፍቱ ነገር ደቻቱ ማዶ ድረስ ተሰምቶ፣ መርፌ ከተወጋች አሥራ አምስቱ ቀን ሳይሞላ ሌሎች አራት ልጆች በምስክር ተመዘገቡ፤ መዝገብ ቤቱም የምስክር አግዳሚ ጨመረ። ከአራቱ ለአንዱ ሦስተኛ ምስክር የሆነችው ያቺ አልቅሳ እምቢ ያለችው ጎረቤት ናት። የዚያን ሳምንት እሑድ ስንዱ ለልጇ ለምዕራፍ ደወለች። ለሁለት ሰዓት አወሩ። ያወሩትን ለማንም አልተናገረችም፤ ሰኞ ግን በሩ ላይ ስትቆም ዓይኗ ቢያብጥም ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር።

ኢፍቱ የገባችው በጥቅምት አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ነው። መዳፏን ለጠፈች፣ በሩ ተከፈተ፣ ወደ ኋላ ሳታይ ሮጣ ገባች። አው ኢብሮ በሩ ከተዘጋ በኋላም ቆመው ቀሩ። እንደ ልማዳቸው የሚጠብቋት ልጅ ከአጥሩ ሥር የለችም። ወዲያ አሉ፣ ወዲህ አሉ፣ ከዚያ ከጥላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ስንዱ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ሁለት ጊዜ ነገረቻቸው። «እሺ» አሉ፤ አልሄዱም።

አራት ሰዓት ላይ ልጆቹ ወጡ። ኢፍቱ እጇን በቀለም ለቅልቃ መጣችና ከፊታቸው ቆመች፤ እንደ ትልቅ ሰው ወገቧን ይዛ።

«ለምን ቤት አልሄድክም?»

«መንገዱ ጠፍቶኝ» አሉ አው ኢብሮ።

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ባለቀለም እጇን ዘረጋችላቸው።

«ና» አለች፤ «እኔ አውቀዋለሁ።»